የምች ቫይረስ አንጎል ሲገባ፦ ስቴሮይድ ይጨመር ወይስ ይቅር?

አያቴ ከንፈሩ ዙሪያ ቁስል የወጣበትና ትኩሳት የያዘው ሰው ስታይ ምርመራ አያሻትም ነበር። «ምች ነው» ትላለች። ከጓሮ ዳማ ከሴ ትቀጥፍና በሁለት መዳፏ አሽታ፣ ጭማቂውን ግማሹን ቡና ላይ ጠብ ታደርጋለች፣ በግማሹ ግንባርና አፍንጫ ታብሳለች። መንስኤውም ለእሷ የታወቀ ነው፤ ላብ ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ መውጣት። ምች የምንለው ሁሉ አንድ በሽታ ባይሆንም፣ ለዚያ የከንፈር ቁስል ቫይረስ ሐኪሞች የሰጡት ስም አንድ ነው፤ ኸርፐስ ሲምፕሌክስ። ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ይገባና ፊትን ከሚያዳርሰው ነርቭ ሥር ተደብቆ ይተኛል። ትኩሳት፣ ድካም ወይም የፀሐይ ጨረር ሲቀሰቅሰው በነርቩ ወርዶ ከንፈር ላይ ብቅ ይላል። ስለ ፀሐይዋ እንግዲህ አያቴ ብዙም አልተሳሳተችም።

ይኸው ቫይረስ አልፎ አልፎ መንገዱን ይስታል። ወደ ከንፈር በመውረድ ፈንታ አንጎል ውስጥ ይገኛል። ይህ የሚደርሰው በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰው ከ2 እስከ 4 በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው፤ የደረሰበትን ግን አይምረውም። ሐኪሞች ኢንሴፋላይቲስ ይሉታል፤ በአማርኛ የአንጎል ብግነት ብንለው ያስኬዳል። ማጅራት ገትር የአንጎሉን ሽፋን ያጠቃል፣ ይህኛው ራሱን አንጎሉን። ቫይረሱን የሚያቆም መድኃኒት ከተገኘ 40 ዓመት አልፏል። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችን የሚያከራክረው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከዚያ መድኃኒት ጎን ብግነትን የሚያበርድ ስቴሮይድ ቢሰጥ፣ የተረፈው ሰው ይበልጥ ያገግም ይሆን? መልሱ ቀላል የሚመስላቸው በሁለቱም ወገን አሉ። እኔ የጥያቄውን ጉዞ ስከተለው ያየሁት፣ ጥያቄው ራሱ ለረጅም ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ሲጠየቅ እንደኖረ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው ሲጀምር እንደ ማንኛውም ጉንፋን ነው፤ ትኩሳትና ራስ ምታት። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ግን ሰውየው ይለወጣል። ዝምተኛው ይለፈልፋል፣ ጨዋው ይሳደባል። የሌለ ሽታ ይሸተዋል። ጠዋት የበላውን ከሰዓት አያስታውስም፤ የልጁን ስም ይጠራል ሲባል የሞተ ወንድሙን ስም ይጠራል። ከዚያ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ይመጣል። ቤተሰብ ጠበል ይሻላል ወይስ ሐኪም ቤት ሲማከር ሁለት ቀን ያልፋል፤ እነዚያ ሁለት ቀናት ደግሞ፣ ኋላ እንደምናየው፣ እጅግ ውድ ናቸው።

ቫይረሱ አንጎል ውስጥ ከሁሉ አስበልጦ የሚመታው ከጆሮ በላይ ወደ ውስጥ ያለውን ክፍል ነው። አዲስ ነገር የምንመዘግበው እዚያ ነው። ቦታው ሲጎዳ ምን እንደሚመስል ዓለም በደንብ ያወቀው በእንግሊዛዊው ሙዚቀኛ በክላይቭ ዌሪንግ ነው። ዌሪንግ የመዘምራን መሪ፣ የጥንታዊ ሙዚቃ ሊቅና የቢቢሲ ሬዲዮ ባልደረባ ነበር። በመጋቢት 1985 ራሱን አመመው፤ በቀናት ውስጥ አእምሮውን ሳተ። ሕይወቱ ተረፈ። ማስታወስ የሚችለው ግን ከግማሽ ደቂቃ የማይበልጥ ሆነ። ባለቤቱ ዲቦራ ለአንዲት ደቂቃ ከክፍሉ ወጥታ ስትመለስ፣ ከዓመታት በኋላ እንደተገናኙ ሰዎች በደስታ ይቀበላታል። በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ገና አሁን መንቃቱን ይጽፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ያንን ሰርዞ አሁን ነው የነቃሁት ብሎ እንደገና ይጽፋል፣ ሰዓቱን እየጠቀሰ፣ ገጽ በገጽ። ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ ደግሞ ጣቶቹ አንድም አይስቱም።

ይህን ሰው በልባችን እንያዘው። ስለ «መዳን» ስናወራ የሕክምና መዝገብ ዌሪንግን ከዳኑት ወገን ነው የሚቆጥረው።

ከ1970ዎቹ በፊት በዚህ በሽታ ከተያዙት 10 ሰዎች 7ቱ ያህል ይሞቱ ነበር። በ1977 ሪቻርድ ዊትሊና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ቪዳራቢን የተባለ መድኃኒት ሞክረው የሞቱን መጠን ከ70 ወደ 28 በመቶ እንዳወረደ አሳዩ። ሕሙማኑ 28 ብቻ ነበሩ፤ ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ በመሆኑ ግን በጥቂት ሰው ታየ። አሲክሎቪር ተከተለ። ይህ መድኃኒት ብልህ ነው፤ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ እንቅልፍ ላይ ነው፣ የሚቀሰቅሰው የቫይረሱ የራሱ ኢንዛይም ነው። ቫይረሱ በሌለበት ሕዋስ ውስጥ ብዙም ሥራ አይሠራም። መድኃኒቱ ከወጣበት ቤተ ሙከራ ጀርባ የነበረችው ገርትሩድ ኢሊየን በ1988 የኖቤል ሽልማት ተጋራች። በ1984 ከስዊድን፣ በ1986 ከአሜሪካ የወጡት ሙከራዎች አሲክሎቪርን ከቪዳራቢን ጋር አፎካከሩ፤ በስዊድኑ የሞቱት 19 በመቶና 50 በመቶ፣ በአሜሪካው 28 በመቶና 54 በመቶ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ክርክር የለም፤ በኪሎ 10 ሚሊግራም፣ በየ8 ሰዓቱ በደም ሥር፣ ከ14 እስከ 21 ቀን።

በዚያው በአሜሪካው ጥናት ውስጥ ግን ብዙ ሰው የማይጠቅሰው አንድ ቁጥር አለ። አሲክሎቪር ከወሰዱት መካከል ከ6 ወር በኋላ እንደ ድሮው ሆነው የተገኙት 38 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት ወይ ሞተዋል፣ ወይ ተርፈው ሌላ ሰው ሆነዋል። መድኃኒቱን ማራዘምስ? በ2015 የወጣ ሙከራ ለ87 ሕሙማን ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ለ3 ወር የሚዋጥ ቫላሲክሎቪር ወይም ማስመሰያ ክኒን ሰጠ፤ የሚጨበጥ ልዩነት አልተገኘም። ቫይረሱን የበለጠ መደብደብ እንግዲህ ብዙ አላተረፈም። ታዲያ አንጎሉን እየጎዳው ያለው ማነው?

እዚህ ላይ ነው «ውሃ ሲያንቅ በምን ይዋጣል» የሚያሰኘው። ቫይረሱ ሕዋሳትን ይገድላል፣ ይህ ግልጽ ነው። ነገር ግን እሱን ለመግደል የሚመጡት የሰውነት ወታደሮች እሳት ይዘው ነው የሚመጡት። የደም ሥሮች ያፈስሳሉ፣ ሥጋው ያብጣል። ጉልበት ቢያብጥ ቆዳው ይለጠጣል፤ የራስ ቅል ግን አይለጠጥም። ያበጠ አንጎል የሚሄድበት የለውም፣ ራሱን ይጨምቃል። ስለዚህ አንዳንድ ሐኪሞች ቫይረሱን በአሲክሎቪር እያሰርን፣ ወታደሮቹን በስቴሮይድ ቀዝቀዝ እናድርጋቸው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከቫይረስ ጋር ጦርነት ላይ ያለን ሠራዊት ትጥቅ ማስፈታት እብደት ነው አሉ። ሁለቱም ክርክር በወረቀት ላይ ሲነበብ ያሳምናል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

ስቴሮይድ ሐኪምን የማሳመን ልዩ ችሎታ አለው። በ1948 ፊሊፕ ሄንች በአሜሪካው ሜዮ ክሊኒክ በመገጣጠሚያ ብግነት አልጋ ላይ የቀረች አንዲት ሴት ላይ ኮርቲሶን የተባለውን ስቴሮይድ ሲወጋ በቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች፤ በ1950 ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴዎስ ራይክሽታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰደበት። ከዚያ በኋላ ለ20ና 30 ዓመት እብጠት ባለበት ሁሉ ስቴሮይድ ይወጋ ጀመር። ትኩሳት ይወርዳል፣ በሽተኛው ዐይኑን ይገልጣል፣ ቤተሰብ ይመርቃል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ከስቴሮይዶቹ አንዱ ዴክሳሜታዞን ዛሬም በየፋርማሲው መደርደሪያ ላይ አለ፤ እጅ ላይ ያለ ነገር ደግሞ እጅን ያሳክካል።

ከዚያ ፈተናዎቹ መጡ። የኸርፐሱን ጥያቄ ለብቻው ለመረዳት አይቻልም፤ ስቴሮይድ ወደ አንጎል የሄደበት ሁሉ መታየት አለበት። ይህ ታሪክ ደግሞ ትዕቢትን የሚያበርድ ነው።

በ1982 ዴቪድ ዋረልና ባልደረቦቹ በታይላንድ በአንጎል ወባ ራሳቸውን የሳቱ 100 ሰዎችን በዕጣ ከሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ዴክሳሜታዞን፣ ግማሾቹ ማስመሰያ ወሰዱ። የሞቱት ከአንዱ ወገን 8፣ ከሌላው 9 ሆኑ፤ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ስቴሮይድ የወሰዱት ከሰመመን ለመንቃት በአማካይ 63 ሰዓት ፈጀባቸው፣ ያልወሰዱት 47 ሰዓት። ሳምባ ምችና የጨጓራ መድማትን የመሰለ ተጨማሪ ችግር 52 በመቶውን አገኘ፣ ከሌላው ወገን 22 በመቶውን ብቻ። እስከዚያ ቀን ድረስ ብዙ ሐኪም የወባ በሽተኛ ሲያይ እጁ ወደ ስቴሮይድ ይሄድ ነበር፤ በቅን ልብ።

በራስ ላይ አደጋ ለደረሰባቸውም እንዲሁ። ክራሽ የተባለው ሙከራ በ2004 ሲታተም 10,008 ሰው አሳትፎ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሞቱት ስቴሮይድ ከወሰዱት 21.1 በመቶ፣ ካልወሰዱት 17.9 በመቶ። ያ የሦስት በመቶ ልዩነት በአንድ ሆስፒታል ውስጥ በዐይን አይታይም። አንድ ሐኪም ዕድሜ ልኩን ሲሠራ ቢኖር ላያስተውለው ይችላል። ለማየት 10,000 ሰው አስፈለገ። ይህን ቁጥር ላስቀምጠው፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

በባክቴሪያ ማጅራት ገትር ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ2002 ያን ደ ኻንስና ዲደሪክ ፋን ደ ቤክ በአውሮፓ 301 ጎልማሶች ላይ የሠሩት ሙከራ፣ ከመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ጋር ወይም ጥቂት ቀደም ብሎ 10 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን በየ6 ሰዓቱ ለ4 ቀን ሲሰጥ ሞት ከ15 ወደ 7 በመቶ እንደወረደ አሳየ። የዓለም መመሪያዎች ወዲያው ተቀበሉት። ከዚያ በማላዊዋ ብላንታየር 465 ሰዎች ላይ ተሞከረና በ2007 ውጤቱ ወጣ፤ ምንም ጥቅም አልታየም፤ ከወሰዱት 56 በመቶ፣ ካልወሰዱት 53 በመቶ በ40 ቀን ውስጥ ሞቱ። የማላዊዎቹ ሕሙማን አብዛኞቹ ኤችአይቪ በደማቸው ነበር፣ ዘግይተውም ነበር የመጡት። አንድ መድኃኒት፣ አንድ የበሽታ ስም፤ ሌላ አገር ሲደርስ ሌላ ውጤት።

የእኛም አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ገጽ አለው። በ2016 የታተመ፣ በአራት የኢትዮጵያ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ በማጅራት ገትር ጥርጣሬ ከታከሙት መካከል ዴክሳሜታዞን የተጨመረላቸው የባሰ ውጤት እንደገጠማቸው አሳየ። ይህን ለማንበብ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ መዝገብ አገላብጦ የሚሠራ ጥናት ዕጣ አላወጣም። ሐኪም በጣም የታመመውን ሲያይ ነው ስቴሮይድ የሚጨምረው፤ የባሰባቸው ስለወሰዱ ነው ወይስ የወሰዱት ስለባሰባቸው? ከመዝገብ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ቢሆንም ከአውሮፓ የመጣን መመሪያ እንዳለ ገልብጦ በጅማ ወይም በጎንደር ከመተግበር በፊት ቆም ማለት እንደሚገባ ለማሳየት በቂ ነው።

ሳንባ ነቀርሳ አንጎልን ሲይዝ ስቴሮይድ ያድናል። ጋይ ትዌይትስ በ2004 በቬትናም 545 ሰው ላይ የሠራው ሙከራ ሞትን ከ41.3 ወደ 31.8 በመቶ አውርዷል። ነገር ግን ከዚያው ጥናት ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ የሞቱት ሲቀንሱ የአካል ጉዳተኞቹ አልቀነሱም። ኤችአይቪ ላለባቸው ደግሞ በ2023 የወጣው የቬትናምና የኢንዶኔዥያ ሙከራ ግልጽ ጥቅም አላሳየም። የፈንገሱ ማጅራት ገትር ክሪፕቶኮከስ ላይ በእስያና በአፍሪካ ስድስት አገሮች የተደረገው ሙከራ ደግሞ በ451 ሰው ላይ ሳለ እንዲቆም ተደረገ። ስቴሮይድ የወሰዱት ጉዳተኝነታቸው በዛ፣ ፈንገሱም ከአንጎላቸው ቶሎ አልጠፋ አለ። ሠራዊቱን ትጥቅ አታስፈቱ ያሉት እዚህ ላይ ልክ ነበሩ።

ኮቪድም አለ፣ ሳልነካው አላልፍም፤ ስቴሮይድ በቫይረስ ላይ አይሰጥም የሚለውን አሮጌ ሕግ የሰበረው እሱ ነውና። በ2020 የእንግሊዙ ሪከቨሪ ሙከራ በቀን 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት ሕሙማን ሞትን ከ41.4 ወደ 29.3 በመቶ እንዳወረደ አስታወቀ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን አልጠቀመም፣ ምናልባትም ጎድቷል። ያው መድኃኒት በበሽታው መጀመሪያ ሌላ፣ በኋላ ሌላ ነው። ጊዜው ሲለወጥ ጠላቱም ይለወጣል፤ መጀመሪያ ቫይረሱ፣ ኋላ ቃጠሎው።

አሁን ወደ ኸርፐሱ። ማስረጃው ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀጭን ነው። ከቫይረስ የአንጎል ብግነቶች በዕጣ ቀድሞ የተፈተነው ሌላ ዓይነት ነበር፤ በትንኝ የሚተላለፈው የጃፓን ኢንሴፋላይቲስ። በ1992 የታተመው የታይላንድ ሙከራ በ65 ሰው ላይ ዴክሳሜታዞን ሞክሮ ልዩነት አላየም። ሆኖም ለጃፓን ኢንሴፋላይቲስ ቫይረሱን የሚያስር መድኃኒት የለም፤ ለኸርፐስ አለ። ሠራዊቱን ያቀዘቀዝነው ጠላት ታስሮ ሳለ ነው ወይስ ሳይታሰር? ሁለቱ አንድ አይደሉም።

በ2005 የጃፓን ሐኪሞች የ45 ሕሙማንን መዝገብ ገለጡ። 22ቱ ከአሲክሎቪር ጋር ስቴሮይድ ወስደዋል፣ 23ቱ አልወሰዱም። ያልወሰዱት ውጤታቸው ባሰ። ዜናው ተስፋ ሰጪ ነበር፣ ብዙ ሐኪሞችም ከዚያ ወዲህ በልባቸው ወደ ስቴሮይድ አዘነበሉ። እኔ ግን ስለ ኢትዮጵያው መዝገብ ያልኩትን እዚህም እላለሁ፤ ውጤቱ ስለጣመን መስፈሪያውን አናሳንሰው። ዕጣ አልወጣም። ስቴሮይዱን ማን እንደወሰነው፣ ለምን ለዚህ ሰጥቶ ለዚያ እንደነፈገ መዝገቡ ሙሉ በሙሉ አይነግረንም።

አይጦቹ ከሰዎቹ የበለጠ ነገሩን። በ2007 ከካናዳዋ ኬቤክ የጊ ቧቫን ቡድን ቫይረሱን ለአይጦች ሰጥቶ ስቴሮይዱን በተለያየ ቀን ጀመረ። ከመጀመሪያው የተሰጣቸው አልተጠቀሙም። ከ3 ቀን በኋላ የተሰጣቸው ግን በብዛት ተረፉ። ሠራዊቱ የመጀመሪያውን ውጊያ ይዋጋ፣ ከዚያ ይብረድ፤ ትርጉሙ ይህ ነው። አይጥ ሰው አይደለችም፤ በእሷ ላይ ቫይረሱ የገባበትን ሰዓት ሐኪሙ ያውቃል፣ ራሱ ነው ያስገባው። ሰው ሲመጣ ግን በሽታው ከተጀመረ ስንት ቀን እንደሆነ የሚያውቀው ቤተሰብ ብቻ ነው፣ እሱም በግምት።

ከዚያ ጀርመኖች በዕጣ ሊፈትኑት ተነሡ። ጋቼ የተባለው ሙከራ በቀን 40 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን ለ4 ቀን ከማስመሰያ ጋር ሊያወዳድር፣ 372 ሰው ሊያሳትፍ አቅዶ ነበር። 41 ሰው ላይ ሲደርስ ቆመ። ጉዳት ስለታየ አይደለም፣ ሰው ስለታጣ ነው። ከ41 ሰው ደግሞ ምንም የሚባል ነገር አይወጣም። ያስቀመጥኩትን 10,008 አሁን አንሡ። የራስ ጉዳት በየቀኑ በየሆስፒታሉ በር ይገባል፤ ኸርፐስ ኢንሴፋላይቲስ ግን አንድ ትልቅ ሆስፒታል በዓመት ሁለት ሦስት ቢያይ ነው። በሽተኛው የሚመጣው ሌሊት ነው፣ ራሱን ስቶ ነው፣ ፈቃድ የሚጠየቀው የተደናገጠ ዘመድ ነው። ቫይረሱ መኖሩ ፒሲአር በተባለው የላቦራቶሪ ምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ ደግሞ ሰዓቱ ይሮጣል።

የጀርመኖቹን ውድቀት ያዩ እንግሊዞች ጥያቄውን ራሱን ለወጡት። በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ቶም ሰለሞን የሚመራው ቡድን ዴክስኤንሴፍ ብሎ የጠራው ሙከራ፣ በበርካታ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቫይረሱ በላቦራቶሪ የተረጋገጠላቸውን ጎልማሶች በዕጣ ከፈለ፤ ሁሉም አሲክሎቪር ይወስዳሉ፣ ግማሾቹ ላይ 10 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን በየ6 ሰዓቱ ለ4 ቀን ይጨመራል። የማጅራት ገትሩ የአውሮፓ መጠን ቀጥታ መወሰዱን ልብ ይሏል። የሚደንቀኝ ግን መለኪያው ነው። ዋናው ጥያቄ ማን ሞተ፣ ማን ተረፈ አይደለም። ከ26 ሳምንት በኋላ ስቴሮይዱን ማን እንደወሰደ የማያውቅ መርማሪ በሽተኛውን ያስቀምጠውና አጭር ታሪክ ያነብለታል፣ ጥንድ ጥንድ ቃላትም ያሰማዋል። ከዚያ ያስታወስከውን ንገረኝ ይለዋል፤ ቆይቶም እንደገና ይጠይቀዋል። የዚያ ውጤት ነጥብ ነው የሚወዳደረው።

ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። ሞትን ከቆጠርህ እያንዳንዱ ሰው የሚሰጥህ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ አለ ወይም የለም። የማስታወስ ችሎታን በነጥብ ከለካህ ግን አንድ ሰው ብዙ ይነግርሃል፣ በ90 ሰው አካባቢም ቢሆን አንድ ነገር መናገር ይቻላል። ከዚያም በላይ፣ የለካው በሽታው ራሱ የሚበላውን ነገር ነው። ክላይቭ ዌሪንግ ሞትን ብቻ በሚቆጥር መለኪያ የተረፈ ሰው ነው፤ በዚህ መለኪያ ግን ነጥቡ እጅግ ዝቅ ያለ ይሆን ነበር። የቬትናሙን የሳንባ ነቀርሳ ጥናት ስናነብ ሞት ቀንሶ ጉዳተኝነት ያልቀነሰበትን ነገር አስታውሱ፤ ማዳንና ማገገም በአንድ ሚዛን አይለኩም። የስቴሮይዱ ክርክር ለ30 ዓመት በአንድ ቦታ የዞረው፣ በእኔ ግምት፣ በከፊል በተሳሳተ ሚዛን ስለተሰፈረ ነው።

ወደዚህ ነገር አንድ ያልተጠበቀ እንግዳ ገብቶበታል። ድሮ ሐኪሞችን ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር፤ በሽተኛው በአሲክሎቪር ተሽሎት ወደ ቤቱ ከሄደ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ያገረሽበታል። ትንንሽ ልጆች እጅ እግራቸው ያለፈቃዳቸው ይወራጫል፤ ትልልቆቹ ያልነበረ ነገር ያያሉ፣ ይቆጣሉ። ቫይረሱ ተመለሰ ተብሎ እንደገና አሲክሎቪር ይሰጣል፣ ጥቅም የለውም፤ ከወገብ በሚቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ቫይረስ የለማ። መልሱ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በ2007 ሆሴፕ ዳልማው ሰውነት የራሱን የአንጎል ሕዋሳት ተቀባይ የሚያጠቃበትን በሽታ አገኘ፤ ቀጥሎም ይኸው በሽታ ከኸርፐስ በኋላ እንደሚመጣ ታወቀ። በ2018 የታተመው የስፔን ክትትል ከ51 የኸርፐስ ሕሙማን 14ቱ፣ ማለትም ከአራት አንዱ ገደማ፣ በዚህ ሁለተኛ ማዕበል እንደተመቱ አሳየ። የተጎዳው አንጎል ፍርስራሹን ሲያወጣ የመከላከል ኃይሉ ያንን ያይና የራሱን ቤት እንደ ጠላት ይቆጥራል።

ለዚህ ሁለተኛ ማዕበል ስቴሮይድና ሌሎች የመከላከል ኃይልን የሚገቱ መድኃኒቶች ከዋነኞቹ ሕክምናዎች መካከል ናቸው፤ እዚህ ላይ ክርክሩ ለዘብ ይላል። እንግዲህ «ስቴሮይድ በኸርፐስ ይረዳል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ስለየትኛው ሳምንት ነው የምትጠይቀው? መባል አለበት። በመጀመሪያው ቀን ቫይረሱ ይነግሣል፤ በአራተኛው እብጠቱ፤ በአምስተኛው ሳምንት ሰውነት ራሱ። አንዱ በሽታ ሦስት በሽታ ነው፣ ስቴሮይዱም በሦስቱ ላይ ሦስት ባሕርይ አለው። ይህ ሁለተኛው ማዕበል ሳይታወቅ በፊት በተሠሩ ጥናቶች ውስጥ ስንቱ «ያገረሸበት» በእርግጥ ሌላ በሽታ እንደነበረበት ማን ያውቃል።

ፍርዴን ልስጥ። ለእያንዳንዱ የኸርፐስ ኢንሴፋላይቲስ በሽተኛ በመጀመሪያው ሌሊት ስቴሮይድ እንደ ልማድ መጨመርን የሚደግፍ ማስረጃ አላየሁም። አንጎሉ አብጦ ሕይወቱን ሊያሳጣው ሲቃረብ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ሐኪሙ አልጋው አጠገብ የሚወስነውን ከወንበር ላይ አልዳኝም። አሲክሎቪር ሳይጀመር ስቴሮይድ መስጠት ግን ስህተት ነው፤ ጠላትን ሳያስሩ ወታደርን ማሰር ነውና። ምርመራው ሳይታወቅ መስጠትም እንዲሁ፤ በእኛ አገር ትኩሳትና ሰመመን ይዞ የመጣ ሰው ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ክሪፕቶኮከስ ወይም የባክቴሪያ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። አንዱን የሚያድነው ሌላውን እንደሚጎዳ ከላይ አይተናል። ከኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሚወጣ በዕጣ የተሠራ ሙከራ እስኪኖረን ድረስ፣ ከሊቨርፑልም ከብላንታየርም የሚመጣውን ለራሳችን ሕሙማን ስንሰፍር እጃችን ቀለል ይበል።

ከስቴሮይዱ ሁሉ በላይ ውጤትን የሚቀይረው ነገር ግን እስካሁን ርካሽ ነው። በ2002 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት 93 ሕሙማንን ተከታትሎ፣ ሆስፒታል ከገቡ በኋላ አሲክሎቪር ለመጀመር ከ2 ቀን በላይ የዘገየባቸው ውጤታቸው እንደከፋ አሳይቷል። ያ መዘግየት ሆስፒታል በር ከገቡ በኋላ ያለው ነው፤ ቤት ውስጥ የባከነው አልተቆጠረም።

ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ጠባዩ ከተለወጠ ወይም ከተንፈራገጠ፣ ዳማ ከሴውን አስቀምጡትና የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። ከመውጣታችሁ በፊት በቁራጭ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፤ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ ሰውየው ራሱን መሆን ያቆመበትን ቀን። ያንን ወረቀት ለሐኪሙ ስጡት።